ጥቅስ ከመምዘዛችን በፊት፦ ከመጽሐፍ ቅዱስ ለዕለት ኑሮ ምሪት የመውሰድ አሠራር

ሐዋሳ ውስጥ በየሰፈሩ በሚደረገው የቤት ኅብረት፣ ጸሎቱ አልቆ ሻይ ሲቀርብ ደጋግሞ የሚሰማ ንግግር አለ፤ «ለዚህ ጉዳይ ጌታ ቃል እንዲሰጠኝ እየጸለይኩ ነው» የሚል። ጉዳዩ ሥራ መቀየር ወይም ትዳር ሊሆን ይችላል፤ ዐረብ አገር መሄድ፣ ባጃጅ መግዛት፣ ለዘመድ ዋስ መሆንም ሊሆን ይችላል። ቃሉም ይመጣል። ጠዋት በቴሌግራም ከተላከ ምስል ላይ፣ ወይም ዓይን ተጨፍኖ ከተገለጠ ገጽ ላይ አንዲት መስመር ትገኛለች፤ በእሷ ውሳኔ ይወሰናል።

እግዚአብሔር በአንዲት መስመር ሰውን አያጽናናም አልልም፤ ያጽናናል። ግን አንዴ የተፈረመ ፊርማ፣ አንዴ የተለቀቀ ሥራ በቀላሉ አይመለስም፤ ስለዚህ ከአንድ ጥቅስ የሰፋ መሠረት ያስፈልገዋል። የሰይጣንን ፈተና አስቡት። ኢየሱስን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው ያስደገፈው መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል በሚለው በመዝሙር 91 ነው፤ ጥቅሱ ራሱ እውነተኛ ነው። ጌታ የመለሰለት ደግሞ በሌላ የመጽሐፍ ክፍል፣ ጌታ አምላክህን አትፈታተን በሚለው በዘዳግም 6፥16 ነው (ማቴዎስ 4፥5-7)። መጽሐፍን ከመጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ማንበብ የተማርነው ከራሱ ከጌታ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር እኛ በኅብረታችን የምንጠቀምበት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶና በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. ጥያቄውን ጻፉት

«ጌታ ሆይ ምን ላድርግ?» የሚለው ለጸሎት ይሆናል፤ ለጥናት ግን ይሰፋል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «የአጎቴ ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ከብድርና ቁጠባ ተቋም ብር ሊበደር ነው። በደመወዜ ዋስ እንድሆነው ጠይቆኛል። እስከ ሐሙስ መልስ ይፈልጋል።» ሲጻፍ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ጊዜው እስከ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደሚነካ ይታያል።

ከጻፋችሁ በኋላ ጥያቄው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

አንዳንዱ ጥያቄ እግዚአብሔር አስቀድሞ የመለሰው ነው። ገበያ ላይ ሚዛን ማጉደል (ዘሌዋውያን 19፥35-36)፣ የሠራተኛን ደመወዝ ይዞ ማቆየት (ያዕቆብ 5፥4)፣ በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ መቀጠር። ለእነዚህ ምሪት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ለመታዘዝ ድፍረት ነው። «እስቲ ልጸልይበት» ማለት እዚህ ላይ መንፈሳዊ የሚመስል ማምለጫ ይሆናል።

ሌላው ጥበብ የሚጠይቅ ነው፤ ዋስትናው ከዚህ ይመደባል። የቀረው ደግሞ በነጻነት የተሰጠን ነው። አቶቴ ልከራይ ወይስ ታቦር ክፍለ ከተማ ብሎ ሦስት ቀን መጾም አያስፈልግም። ጳውሎስ ባሏ ለሞተባት ሴት እንኳ የወደደችውን ልታገባ ነጻ ናት፣ በጌታ ይሁን እንጂ ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39)። ብዙ ወጣት አማኞች የሚጨነቁት በዚህ በሦስተኛው ላይ ሲሆን የመጀመሪያውን ግን እንደ ቀላል ያልፉታል። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

2. ሙሉ መጽሐፍ ምረጡ

መጽሐፍ ቅዱስን በድንገት ገልጦ ዓይን ያረፈበትን መውሰድ ይቅር። አንድ መጽሐፍ ምረጡና ከምዕራፍ አንድ ጀምሩ። ለጀማሪ ፊልጵስዩስ ጥሩ ነው፤ 4 ምዕራፍ፣ 104 ቁጥር። ቀጥሎ ያዕቆብ፣ ከዚያ የማርቆስ ወንጌል። ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስላለው በወር ውስጥ በቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ይነበባል።

በየትኛው ትርጉም? ብዙዎቻችን ያደግንበት የ1954ቱ ነው፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ለዛሬ ሰው ይቀላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይረዳል። በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ማንበብ የሚቀላችሁ በዚያ አንብቡ፤ ልብ ፈጥኖ የሚሰማው በአፍ መፍቻው ነው። ከኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ ጋር መዝሙረ ዳዊት የምታነቡ ከሆነ ግን ቁጥሩ እንዳያጋጫችሁ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በእኛ መዝሙር 23 ሲሆን በእነሱ 22 ነው። መዝሙር 9 እና 10 በዚያ አቆጣጠር አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ነው እንጂ ቃሉ ያው ነው።

ስለ ሰዓትና ቦታ ብዙ አልልም። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የጠዋት ፈረቃ የሚገባ ሰው ሰርቪስ ሊመጣ ሲል ጎህ ሳይቀድ ማጥናት ይከብደዋል፤ ማታ ያድርገው። በስልክ የምታነቡ ዳታውን አጥፉት።

3. ቁጥሩን እርሱትና ሦስት ጊዜ አንብቡ

የምዕራፍ ክፍፍሉ የተሠራው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ በ1551 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ነው። ጳውሎስ ሲጽፍ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ደብዳቤ ነው የጻፈው። ቁጥሩ ቦታ ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ሐሳቡ ግን ቁጥሩ ሲያልቅ አያልቅም።

መጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሁለተኛ ቀስ ብላችሁ፤ ሦስተኛ እስክሪብቶ ይዛችሁ። በሦስተኛው ላይ የሚደጋገሙትን ቃላት፣ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «እንዲሁ» የሚሉትን ማያያዣዎች አስምሩ። «ስለዚህ» ካለ ከበላዩ ምክንያት አለ፤ ወደ ላይ ተመለሱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

አንድ ምሳሌ። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ፊልጵስዩስ 4፥13 በፈተና ሰሞን በዩኒቨርሲቲው ዶርም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከሁለት ቁጥር በላይ ጀምሩ። ጳውሎስ እስረኛ ነው (1፥13)። መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም ተምሬያለሁ እያለ ነው። «ሁሉን» ያለው ያንን ሁሉ ነው። እንግዲህ ለተማሪው ቃሉ የሚሰጠው ምሪት፣ «ውጤቱ ቢያምር አልታበይም፤ ባያምርም አልፈርስም፤ በሁለቱም ክርስቶስ ያቆመኛል» የሚል ነው። ይህ ከ«አልፋለሁ» ይበልጣል፤ ውጤት ከወጣም በኋላ ይሠራልና።

4. ማን ለማን ተናገረው?

ይህን ጥያቄ ካልመለሳችሁ ወደ ራሳችሁ አትሂዱ። በደብተሩ ላይ አራት መስመር ብቻ ጻፉ፦ ተናጋሪው ማን ነው? አድማጮቹ እነማን ናቸው? ምን ገጥሟቸው ነበር? ክፍሉ ስለ እግዚአብሔር ምን ይላል?

በሠርግ ካርድ ላይ፣ በምረቃ ፎቶ ላይ የማይጠፋውን ኤርምያስ 29፥11 በዚህ እንየው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።»

ተናጋሪው እግዚአብሔር ነው፤ በኤርምያስ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። አድማጮቹ ናቡከደነፆር ወደ ባቢሎን የወሰዳቸው ምርኮኞች ናቸው። ምን ገጥሟቸው ነበር ለሚለው ከአንድ ምዕራፍ በላይ መመለስ ያስፈልጋል። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ተናግሯል፤ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውንም ቀንበር ሰብሯል። ያን የሰማ ምርኮኛ ሻንጣውን ይዞ ይቀመጣል እንጂ ቤት አይሠራም። የኤርምያስ ደብዳቤ የሚመጣው በዚህ ላይ ነው፦ 70 ዓመት ነው (29፥10)። ስለዚህ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉና ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ የምትኖሩበትንም ከተማ ሰላም ፈልጉላት፣ ጸልዩላት (29፥5-7)። «የሰላም አሳብ ነው» የሚለው ተስፋ የተነገረው «ቶሎ አትመለሱም» ከሚለው ጋር አብሮ ነው።

ይህን ክፍል ከዳሌ፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከወላይታ መጥተው ፓርኩ ውስጥ ከሚሠሩ እህቶች ጋር ስናነበው የሚነሳው ሐሳብ ከካርዱ ጥቅስ በጣም የተለየ ነው። አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ተከራይተው፣ «እኔ እዚህ ጊዜያዊ ነኝ» እያሉ ዓመታት ያልፋሉ፤ ቤተ ክርስቲያን አይመዘገቡም፣ ከጎረቤት አይተዋወቁም፣ ቁጠባ አይጀምሩም። ኤርምያስ 29 ለእነሱ የሚሰጠው ምሪት ጥርት ያለ ነው፦ ባላችሁበት ኑሩ፤ ያላችሁበትን ከተማ ውደዱ። ማንም በቅርቡ ሁሉ ይለወጣል ብሎ ቢተነብይላችሁም የዛሬን ተግባር አታቁሙ። ምርኮ እና የፋብሪካ ሥራ አንድ አይደሉም፤ እኛም የእስራኤልን የ70 ዓመት ቃል በቀጥታ ለራሳችን አንወስድም። የምንወስደው እግዚአብሔር ሕዝቡን በረጅም ጥበቃ ውስጥ እንዴት እንደሚያኖር ነው። እርሱ ያው ነውና።

5. የጽሑፉን ዓይነት ለዩ

ትእዛዝ ይታዘዙታል። ምሳሌና የጥበብ ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውን ይናገራል እንጂ የውል ስምምነት አይደለም። ምሳሌ 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 ደግሞ መልስለት። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት መቼ የትኛው እንደሚሆን አንባቢው እንዲያስተውል ነው። ልጁ በመንገዱ ስላልጸና የተሰበረችን እናት፣ ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፣ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም በሚለው በምሳሌ 22፥6 መውቀስም ከዚሁ ካለመለየት የሚመጣ ጭካኔ ነው።

ታሪክ ደግሞ የሆነውን ይነግረናል፤ ሁሉም አድርጉት ማለት አይደለም። ብዙ ሰው «ባዘቶ ዘርግቻለሁ» ይላል፤ እግዚአብሔርን ምልክት ጠይቄያለሁ ማለቱ ነው፤ የበግ ጠጉር ዘርግቶ ምልክት ከጠየቀው ከጌዴዎን ወስዶ። መሳፍንት 6ን ከቁጥር 14 ጀምራችሁ አንብቡ። እግዚአብሔር ሂድ፣ እኔ ከአንተ ጋር ነኝ ብሎ ጨርሷል። ጌዴዎንም ባዘቶውን ሲዘረጋ «እንደ ተናገርህ» እያለ ነው (6፥36)፤ ፈቃዱን አውቆታል፤ የፈራው መታዘዙን ነው። እግዚአብሔር ለደካማ ሰው ምን ያህል እንደሚታገሥ ታሪኩ ያሳየናል። የውሳኔ መስጫ ዘዴ ግን አልተሰጠንም።

6. ክፍሉን ወደ ጉዳያችሁ አምጡት፦ የዋስትናው ጥያቄ

አሁን ያንን የጻፍነውን ጥያቄ እንውሰድ። ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ጥቅስ ይወስናል። አንዱ «ለሚለምንህ ስጥ፥ ከአንተም ይበደር ዘንድ ከሚወደው ፈቀቅ አትበል» (ማቴዎስ 5፥42) ብሎ ይፈርማል፤ ሌላው ምሳሌ 17፥18ን ጠቅሶ ዋስ የሚሆን ሰው አእምሮ የጎደለው ነው ይልና የአጎቱን ልጅ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ጠቅሰዋል።

ምሳሌ 6፥1-5ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አባት ለልጁ ይናገራል። ልጁ ለጎረቤቱ ዋስ ሆኗል፤ በዚያ ዘመን እጅ መምታት የዛሬው ፊርማ ነው። አባቱ ወጥመድ የሚለው ብድሩን ወይም ጎረቤቱን አይደለም፤ የልጁን የገዛ አፉን ቃል ነው። ምክሩስ? ሂድ፣ ራስህን አዋርድ፣ ጎረቤትህን ለምነው፣ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ። ጥፋ ወይም ተደበቅ የሚል ቃል የለም። ወደ ሰውየው ሂድ፣ ዛሬውኑ፣ በትሕትና ነው የሚለው።

ቀጥላችሁ ምሳሌ 22፥26-27። እዚያ ምክንያቱ ይወጣል፦ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበት ምንጣፍ ሳይቀር ለምን ይወሰድብህ? እንግዲህ ችግሩ ሌላውን መርዳት አይደለም፤ የሌለውን ቃል መግባት ነው።

ከዚያ በበጎ የተነገሩትን ዋሶች ፈልጉ። ይሁዳ ስለ ብንያም ለአባቱ ዋስ ሆነ (ዘፍጥረት 43፥9)፤ ጊዜው ሲደርስ በወንድሙ ፈንታ ባሪያ ልሁን ብሎ ቆመ (44፥33)። ጳውሎስ ስለ ፊልሞና ባሪያ ስለ አናሲሞስ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠር፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ (ፊልሞና 18-19)። ሁለቱም ሲናገሩ እንደሚከፍሉ አድርገው ነው። ዕብራውያን 7፥22 ደግሞ ኢየሱስን የሚሻል ኪዳን ዋስ ይለዋል። ዋስትና በራሱ ኃጢአት ቢሆን ይህ ባልተባለ ነበር።

አሁን በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ምሪት ይህን ይመስላል፦

ዋስ የምሆነው ዕዳውን ራሴ እንደተበደርኩት አድርጌ መክፈል የምችለውን ያህል ብቻ ነው። ሳልችል አልፈርምም፤ የባለቤቴና የልጆቼ እንጀራ ነውና ብቻዬንም አልወስንም። አልችልም ካልኩ ስልክ በማጥፋት ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጬ እነግረዋለሁ፣ ዛሬ። ባዶ እጄን ግን አልሄድም፤ ማቴዎስ 5፥42 አሁንም ይናገረኛል። ለቅድመ ክፍያው ጥቂት ብር ማገዝ፣ ዕቁብ አብሮ መግባት፣ ተቋሙ ጋር አብሮ ሄዶ ሌላ ዓይነት መያዣ ይቀበሉ እንደሆነ መጠየቅ እችላለሁ።

የምትፈርሙ ከሆነም ውሉን አንብቡ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና የገንዘቡ ከፍተኛ ልክ ካልተጠቀሰበት አይጸናም። ልኩን አይታችሁ፣ ከደመወዛችሁ በየወሩ ቢቆረጥ ቤት ምን እንደሚሆን አስልታችሁ ፈርሙ።

ልብ በሉ፣ ሁለት አማኞች ይህንኑ ክፍል አንብበው የተለያየ ሊወስኑ ይችላሉ። ቁጠባ ያለው ወንደላጤ ሊፈርም፣ አራት ልጅ በኪራይ ቤት የሚያሳድግ አባት ላይፈርም ይችላል። ሁለቱም ታዘዋል። ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነገር አስተምሯቸዋል፤ የያዙት ግን የተለያየ ነው።

7. ለሌላ ሰው አንብቡለት

የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። መልሱ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» የሚል ነበር (ሐዋርያት ሥራ 8፥30-31)። የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ የነበረ፣ የተማረ ባለሥልጣን ነው ይህን ያለው። እንግዳውን ሰው ወደ ሠረገላው ጋበዘና አብረው ተቀመጡ። በአገራችን ስም የተጠራ ሰው በሐዲስ ኪዳን ሲጠቀስ እንዲህ እየጠየቀ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ የጻፋችሁትን ለሽማግሌ፣ ለንስሐ አባት፣ ለኅብረት መሪ ወይም በኑሮው ለምታምኑት አማኝ አሳዩ። ስትጠይቁ ግን «ልፈርም?» አትበሉ። «ክፍሉን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፤ ያለፍኩት ነገር አለ?» በሉ። የመጀመሪያው የእሱን አስተያየት ያመጣል፤ ሁለተኛው ሁለታችሁንም ወደ መጽሐፉ ይመልሳል። የምትሰሙትን ሰባኪም ሆነ ነቢይ በዚሁ መንገድ መርምሩ። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ ነገሩ እንዲሁ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ ሉቃስም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)።

ከውሳኔ ጋር የሚመጣውን ምክር ሰጪም እዩ። ከውሳኔያችሁ የሚጠቀም ሰው ብቻውን አማካሪ አይሁን።

8. አንድ ነገር አድርጉ፤ ቀን ጻፉበት

«የበለጠ መጸለይ አለብኝ» የሚል ምሪት አትጻፉ፤ አይያዝም። «ቅዳሜ ከሰዓት ወንድሜ ጋር እሄዳለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ያዕቆብ 1፥22 ቃሉን የሚያደርጉ ሁኑ ይላል። ከወር በኋላ ያንን ገጽ ገልጣችሁ ምን እንደሆነ ከጎኑ ጻፉበት። ውጤቱ ክፉ ከሆነ የግድ ምሪቱ ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ጳውሎስ በራእይ ተጠርቶ ወደ መቄዶንያ ሄደ፤ ፊልጵስዩስ ከተማ ሲደርስ ተገርፎ ታሰረ (ሐዋርያት ሥራ 16)።

ክፍሉ ዝም ሲል

አንብባችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ጸልያችሁ ስለዚያ ጉዳይ ምንም የተለየ ነገር ላታገኙ ትችላላችሁ። ጥቅስ ፍለጋ አትቅበዝበዙ። እግዚአብሔር ፈቃዱ ይህ ነው ብሎ በግልጽ የነገረንን መያዝ ይቻላል፦ መቀደሳችሁ (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥3)፣ በሁሉ ማመስገን (5፥18)። ከሁለቱ ሥራዎች የትኛው ለመቀደስ፣ ለቤተሰብ፣ ከአማኞች ጋር ለመሆን ጊዜ ይተውላችኋል? ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ነገሩ ይጠራል። ካልጠራም ጥበብ ለምኑ፤ «ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን» እግዚአብሔርን (ያዕቆብ 1፥5)። ከዚያ «ጌታ ቢፈቅድ» ብላችሁ ወስኑና ሂዱ (ያዕቆብ 4፥15)።

ሰኞ ለምትጀምሩ፦ ሰኞ ፊልጵስዩስን ከዳር እስከ ዳር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከአራቱ ጥያቄዎች ጋር። ቅዳሜ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ከአንድ ሰው ጋር ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ፊልሞናን ውሰዱ፤ 25 ቁጥር ብቻ ስለሆነች የሥራ ጫና ለሚበዛበት ሰው ትመቻለች።